ወሎን ያላነበበ የምርምር ትምህርት

የትምህርት ዘመኑ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ በወልድያ ሱቆች፣ ባንኮችና ቀበሌ ጽሕፈት ቤቶች መጠይቅ ይበዛል። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የማኔጅመንት፣ የአካውንቲንግ፣ የኢኮኖሚክስና የሶሲዮሎጂ ተመራቂዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ለማድረስ ይሯሯጣሉ። አንዳንዶቹ ሚኒባስ ተሳፍረው ወደ ሀብሩ ወረዳ፣ ወደ ሲሪንቃ፣ ወደ መርሳ፣ ወደ ውርጌሳ ይወርዳሉ። ርዕሶቹ ይመሳሰላሉ፤ የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማትን ውጤታማነት የሚወስኑ ምክንያቶች፣ የብድርና ቁጠባ አገልግሎት ለሴቶች ያለው ፋይዳ፣ የባንክ ደንበኞች እርካታ። ስለ ጥናቱ ዘዴ የሚያወራው ሦስተኛው ምዕራፍ ደግሞ ከርዕሶቹም ይበልጥ ይመሳሰላል። የያማኔ የናሙና ቀመር ይቀርባል፣ ባለ አምስት ደረጃ መጠይቅ ይከተላል፣ የመልሶቹን እርስ በርስ መግጠም የሚለካው ክሮንባክ አልፋ ከ0.7 በላይ መሆኑ ይገለጻል፣ መረጃው በኤስፒኤስኤስ ሶፍትዌር ይተነተናል። ወልድያ የሚለውን አውጥተው ነቀምት ወይም ሆሳዕና ቢተኩበት ምዕራፉ ምንም አይጎድልበትም።

ችግሩ የአገር ነው፤ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻ አድርጎ ማየት አይገባም። ተማሪዎቻችን የምርምር ዘዴን የሚማሩት ከሕንዳዊው ሲ. አር. ኮታሪ፣ ከእንግሊዛዊው ማርክ ሳውንደርስና ባልደረቦቹ፣ ከኡማ ሴካራን መጻሕፍት ነው። መጻሕፍቱ ጥሩ ናቸው፣ ማንበቡም ተገቢ ነው። ወልድያ ላይ ሲሆን ግን ነገሩ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ይቆጨኛል። ሰሜን ወሎና ዙሪያው ስለ ረሃብ፣ ስለ ገበያና ስለ ድህነት አጠናን ዓለም ብዙ የተማረበት ምድር ነው። እዚሁ የተሠሩትን ትልልቅ ጥናቶች ሳያነብ፣ እንዴት እንደተሠሩም ሳይጠየቅ፣ የሀብሩ ልጅ ስለ ሀብሩ ጽፎ ይመረቃል።

መጀመሪያ ቀመሩን እንየው። ታሮ ያማኔ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው የስታትስቲክስ መጽሐፍ ያስቀመጠው ስሌት ቀላል ነው። ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ የሚጠናው ሕዝብ ስንት ነው? ስንት በመቶ ስሕተት ይፈቀዳል? 1,200 ነጋዴ ባለበት ከተማ 5 በመቶ ስሕተት ብንፈቅድ 300 ሰው መጠየቅ አለብን። 10 በመቶ ብንፈቅድ 92 ይበቃል፤ የፎቶ ኮፒውና የትራንስፖርቱ ወጪ የከበደው ተማሪም ብዙ ጊዜ ወደዚህኛው ያዘነብላል። ሕዝቡ የቱንም ያህል ቢበዛ ደግሞ በ5 በመቶ ናሙናው ከ400 አይዘልም። ለዚህ ነው በመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ 385፣ 394፣ 398 የሚሉ ቁጥሮች የሚደጋገሙት።

ቀመሩ ውስጥ ያልተጻፈው ግን ከተጻፈው ይበልጣል። የሁሉም ሰው ስም ያለበት መዝገብ እንዳለ፣ እያንዳንዱም ሰው እኩል የመመረጥ ዕድል እንደሚያገኝ ይገምታል። ተማሪው ግን ከሀብሩ ቀበሌዎች ለመንገድ የሚቀርቡትን ሦስቱን ይመርጣል፣ ከዚያ በየቀበሌው ያገኘውን ሰው ይጠይቃል። የአንድ ቀበሌ ሰዎች አንድ ዝናብ የሚጠብቁ፣ አንድ ገበያ የሚወጡ፣ አንድ የልማት ሠራተኛ የሚያማክራቸው ናቸው፤ መልሳቸውም ይቀራረባል። ከሦስት ቀበሌ የተሰበሰበ 400 መልስ ከወረዳው ሁሉ በዕጣ የተሰበሰበውን 400 ያህል አይነግረንም። ግማሹን ያህል ከነገረን ትልቅ ነገር ነው። ከዳገቱ ላይ ያለው፣ መኪና የማይደርስበት ቀበሌ ደግሞ ከነጭራሹ አልተጠየቀም።

መዝገቡስ የት አለ? የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። አራተኛው በተደጋጋሚ ቀጠሮ ተይዞለት ሳይካሄድ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ስንቱ ወጣት ከመርሳና ከውርጌሳ ተነስቶ ዓረብ አገር ሄዷል፣ ስንቱ ተመልሷል፣ በ2014ቱ ጦርነት ስንቱ ቤቱን ጥሎ ወጥቷል። በቀመሩ መግቢያ ላይ የሚቀመጠው የሕዝብ ብዛት እንግዲህ ግምት ነው። ግምቱን በቀመር አስገብቶ 397 የሚል ቁጥር ማውጣት ግምቱን እውቀት አያደርገውም።

እዚህ ላይ ወሎ የራሱ መፍትሔ አለው። በገጠሩ ማን የየትኛው ጎጥ ነዋሪ እንደሆነ፣ የትኛው ቤት እንደተዘጋ፣ የትኛዋ እናት ልጆቿን ብቻዋን እንደምታሳድግ የቅሬው፣ ማለትም የአካባቢው መረዳጃ ማኅበር፣ ዳኛ ያውቃል። ለቀብርና ለችግር ጊዜ ሰው የሚጠራው እሱ ነውና የአባላቱን ነገር ከቀበሌው ቢሮ ይበልጥ ይከታተላል። ሁለት ሦስት ቀን ከቅሬ ዳኞች ጋር ተቀምጦ የአባወራና የእማወራ ዝርዝር ማዘጋጀት፣ ከዚያ ዕጣ ማውጣት ይቻላል። ከከተማው የመጣ ተከራይ፣ ገና የሰፈረ ተፈናቃይ በቅሬው ላይኖር ይችላል፤ እሱን ለብቻ መፈለግ የተማሪው ሥራ ነው። በየትኛውም የውጭ መጽሐፍ ይህን አናገኘውም፤ የአካባቢው መምህር ሊያስተምረው የሚገባው ግን ይህን ነው።

አሁን ወደ ወሎ ጥናቶች ልግባ። በ1965 ዓ.ም. መግቢያ ላይ የእርሻ ሚኒስቴር ባካሄደው የሰብል ጥናት የምርቱ ጉድለት ታይቶ ነበር። ሪፖርቱ ግን ታፍኖ ቀረ። በዚያው ዓመት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሡትን ፎቶግራፍ በግቢያቸው ውስጥ ለእይታ አቀረቡ፤ ሕዝቡ በረሃብ ማለቁ ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ መነገር ጀመረ። በእኔ እምነት የምርምር ዘዴ ኮርስ በወልድያ ሲጀመር የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ይህ መሆን አለበት። በትክክል የተሰበሰበ መረጃ መሳቢያ ውስጥ ሲቀር ሰው ይሞታል። ምርምር የነፍስ ጉዳይ መሆኑን የወሎ ልጅ ከማንም በፊት ሊያውቅ ይገባዋል።

ቀጥሎ አማርትያ ሴን አለ። በ1998 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሕንዳዊው ምሁር በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የድህነትና የረሃብ መጽሐፉ ውስጥ ለዚያው የወሎ ረሃብ ሰፊ ቦታ ሰጥቷል። ረሃብ የሚመጣው በአገር ደረጃ እህል ስለጠፋ ብቻ ላይሆን እንደሚችል፣ ሰው እህሉን የሚያገኝበት አቅም ሲጠፋ እንደሆነ ይሞግታል። ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ የደሴ የእህል ዋጋ ነው፤ በረሃቡ ጊዜ ዋጋው የተጠበቀውን ያህል አልናረም። ገበሬው የሚሸጠው ከብት ረክሶበት፣ የሚገዛበት ገንዘብ በእጁ ስላልነበረ ፍላጎቱ ገበያ ላይ ሊታይ አልቻለም። እንዲያውም ከወሎ ወደ ውጭ የወጣ እህል ነበር።

ይህ ሐሳብ ዓለምን አነጋገረ፣ ተሞገተም። ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ ማንኛውም የወልድያ ነጋዴ ሊያነሣው የሚችል ነው፦ የደሴ ዋጋ የማን ዋጋ ነው? ደሴ አስፋልት ላይ ያለች ትልቅ ከተማ ነች። በእግር አንድ ቀን ከሚያስኬደው ገጠር ያለው ገበያ ሌላ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። የዋጋ ንረት ረሃቡ ከበረታበት ስፍራ ተነስቶ ወደ ውጭ እንደሚዛመት የሚያሳዩ ጥናቶችም በዚያው ሰሞን ወጥተው ነበር። ስለ ናሙና ቦታ አመራረጥ ከዚህ የተሻለ ትምህርት አላውቅም። በመርሳ የሽንኩርትና የቲማቲም ንግድ ላይ የሚጽፍ ተማሪ ዋጋውን የሚጠይቀው ከግራና መስኖ ማሳ ላይ ነው፣ ከመርሳ ደላላው ነው ወይስ ወልድያ ከሚቸረችረው? ሦስቱም እውነት ይነግሩታል፣ ሦስቱም የተለያየ ነው። የትኛውን እንደያዘና ለምን እንደመረጠው ካልጻፈ አማካይ ዋጋው ለማንም አይጠቅምም።

ሴን ከሩቅ ሆኖ የተሰበሰበ ቁጥር ሲያነብ፣ ደሳለኝ ራህመቶ ደግሞ ከሀብሩ በስተደቡብ ወዳለው አምባሰል ወረደ። በ1991 እ.ኤ.አ. በስዊድን የታተመው ጥናቱ ከ1977ቱ ረሃብ የተረፉ ገበሬዎች እንዴት እንደተረፉ ይመረምራል። ጥያቄውን ልብ በሉልኝ። ብዙዎች ሕዝቡ ለምን አለቀ ብለው ሲጠይቁ፣ እሱ የተረፈው እንዴት ተረፈ ብሎ ጠየቀ። ገበሬው ምልክቱን አስቀድሞ ያያል፣ ምግቡን ይቀንሳል፣ ፍየልና በግ ይሸጣል፣ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል፣ በሬውን ግን እስከ መጨረሻው ይይዛል፤ በሬ ከሌለ የሚቀጥለው ዓመት የለምና። ረሃቡ ያዋረደው ሕዝብ ተደርጎ ይታይ የነበረው ገበሬ በዚህ ጥናት ውስጥ የሚያስብ፣ የሚያቅድ፣ የሚመርጥ ሰው ሆኖ ተገለጠ። ይህን ያገኘው በጥያቄው ነው። በዓይነታዊና በመጠናዊ ምርምር መካከል ያለውን ልዩነት ለፈተና ሸምድዶ የሚረሳ ተማሪ ይህን መጽሐፍ ቢያነብ ልዩነቱ ሁልጊዜ አብሮት ይኖራል።

የንግድ ትምህርት ተማሪዎች ጥናቶች የሚጎድላቸው ይህ የጥያቄ ድፍረት ነው። ተቋማት የሚወድቁበትን ምክንያት ለማጥናት ይነሡና ከንግድ ፈቃድ መዝገብ ላይ ያሉትን፣ ማለትም ዛሬ ክፍት የሆኑትን ሱቆች ይጠይቃሉ። የተዘጋው አልተጠየቀም። ባለቤቱ ደሴ ወይም አዲስ አበባ ገብቶ የቀን ሥራ ይሠራ ይሆናል፣ ወይም ባሕር ተሻግሯል። የፈረሰውን ሳይጠይቁ ስለ መፍረስ መጻፍ አይቻልም። በወልድያ፣ ጦርነት ገብቶ በወጣበት ከተማ፣ ይህ ስሕተት ከሌላው ቦታ ይከፋል። ሱቁ ተዘርፎበት እንደገና የከፈተውንና ያልከፈተውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት፣ ልዩነቱ የዘመድ ገንዘብ ነው፣ ዕቁብ ነው፣ የባንክ ብድር ነው፣ ወይስ የሱቁ ቦታ ነው ብሎ መጠየቅ ለአገር የሚጠቅም ጥናት ይሆናል። ለዚህ 400 ሰው አያስፈልግም። 40 ሰው፣ በደንብ ተፈልጎ፣ በደንብ ተጠይቆ ይበቃል።

የሬንሲስ ላይከርትን ባለ አምስት ደረጃ መለኪያም ማንሣት አለብኝ። በ1932 እ.ኤ.አ. የቀረበ፣ በቦታው የሚጠቅም መሣሪያ ነው። ነገር ግን ሀብሩ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጥላ ሥር ተቀምጠው «ኑሮዬ ካለፈው ዓመት ተሻሽሏል፤ በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ ገለልተኛ ነኝ፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም» ተብለው ሲጠየቁ ምን ይመልሳሉ? ቢከፋቸውም «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ፣ ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን»። የመጣባቸውን እንግዳ ልጅ ላለማሳፈር የሚስማማውን ይመልሱለታል። በሌላ በኩል ከሴፍቲ ኔት ምዝገባ ጋር ያያያዙት እንደሆነ ያላቸውን ከብት ያሳንሳሉ። ሁለቱም ሐሰተኛነት አይደለም፤ ሰው ማን እንደሚጠይቀውና ለምን እንደሚጠይቀው አይቶ ይመልሳል። ክሮንባክ አልፋ ይህን አይይዝም። አንዱ መጠይቁን ሳያነብ ሁሉንም «እስማማለሁ» ላይ፣ ሌላው ሁሉንም «አልስማማም» ላይ ምልክት ቢያደርግ አልፋው ከፍ ብሎ ይወጣል። መልሶቹ እርስ በርሳቸው መግጠማቸውን ይነግረናል፣ እውነት መሆናቸውን አይነግረንም።

የተሻለ መንገድ በዚሁ ምድር ተሞክሯል። በ2003 እ.ኤ.አ. ኬይ ሻርፕ፣ ስቲቨን ዴቨሩና ያሬድ አማረ በሰሜን ወሎ፣ በደቡብ ወሎና በዋግ ኽምራ ስላለው የከፋ ድህነት ያወጡት ጥናት ከ2,000 በላይ ቤተሰቦችን ጠይቋል። አባወራዎችና እማወራዎች ያሉበትን ሁኔታ ራሳቸው እንዲመድቡ ተደረገ፦ ደህና ነን፣ እንደምንም እንኖራለን፣ እየታገልን ነው፣ የቤታችንን ፍላጎት ማሟላት አልቻልንም። ከ10 ዓመት በፊትስ የት ነበራችሁ ተብለውም ተጠየቁ። ያሉት ደግሞ ከሚታየው ሀብት፣ ከበሬው፣ ከመሬቱ፣ በቤቱ ውስጥ ሊሠራ ከሚችለው ጉልበት ጋር ተመሳከረ። ሕዝቡ ስለ ራሱ የሚያውቀው አንድ ማስረጃ፣ ዓይን የሚያየው ሌላ ማስረጃ ሆነው ቀረቡ። መጠይቅ እንዲህ ሲዘጋጅ የሰውን ክብር ይጠብቃል፣ እውነቱንም ያቀርባል።

የወቅት ነገርም አለ። ላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ያለባት ሹምሸሃ፣ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ በ15 መንደሮች ውስጥ ወደ 1,500 የሚጠጉ ቤተሰቦችን ደጋግሞ በጠየቀው የኢትዮጵያ ገጠር ቤተሰብ ጥናት ውስጥ አንዷ ነበረች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ክፍልና የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች የሠሩበት ይህ ጥናት ያንኑ ቤተሰብ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ይጠይቅ ነበር። ስቴፋን ደርኮንና ፕራሚላ ክሪሽናን ከዚህ መረጃ ተነስተው የቤተሰብ ፍጆታ በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ እንደሚዋዥቅ አሳይተዋል። አንዴ ድሀ የተባለው ከመኸር በኋላ ከድህነት መስመሩ በላይ ሊገኝ ይችላል። የእኛ ተማሪዎች ግን መረጃ የሚሰበስቡት የዩኒቨርሲቲው ካላንደር በሚፈቅደው ሚያዝያና ግንቦት፣ የመኸሩ እህል በተመናመነበት፣ የበልጉ ገና ባልደረሰበት ወራት ነው። በዚያ ወር የተሰበሰበውን ገቢ የዓመት ገቢ ብለው ይጽፋሉ። ለነጋዴውም ያው ነው፤ ከአጨዳ በኋላ፣ በታኅሣሥና በጥር የሚኖረው ሽያጭ የግንቦቱ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው አካሄዱን ሊያስተካክል ይችላል። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች በጥር የሰበሰቡትን በቀጣዩ ዓመት ግንቦት እነዚያኑ ሰዎች ጠይቀው እንዲያነጻጽሩ ቢደረግ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ከዛሬው በብዙ ይሻላል።

በወልድያና በመርሳ መካከል ያለው የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል ሌላው ያልተነካ ሀብት ነው። አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ ሲፈልግ የኖረ፣ ግራና-1፣ የጁ የሚሉ የአካባቢውን ስም የያዙ የማሽላ ዝርያዎችን ያወጣ ማዕከል ነው። በ2014ቱ ጦርነት ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ ጋር ከባድ ዘረፋና ውድመት ደርሶበታል። የንግድ ተማሪ እዚያ ምን ይሠራል የሚል ካለ የምንጠቀምበትን ስሌት መነሻ ልንገረው። በኤስፒኤስኤስ አንድ ቁልፍ ተጭነን የምናወጣው ቲ-ቴስት የቢራ ፋብሪካ ልጅ ነው። ዊልያም ጎሴት በደብሊኑ ጊነስ ቢራ ፋብሪካ ሲሠራ፣ ጥቂት የገብስ ናሙና ይዞ እንዴት ማመን እንደሚቻል ሲጨነቅ ያገኘው ስሌት ነው፤ በ1908 እ.ኤ.አ. «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም አሳተመው። ሮናልድ ፊሸር ደግሞ በእንግሊዝ ሮታምስቴድ የእርሻ ጣቢያ ማሳውን በዕጣ መደልደልን አስተማረ። የሲሪንቃ ተመራማሪ ዛሬም አንዱን ዝርያ ከሌላው ጎን በዕጣ ደልድሎ፣ ደጋግሞ ዘርቶ፣ ልዩነቱ የአፈሩ ነው ወይስ የዘሩ ብሎ ይለያል። ተማሪው ይህን ማሳ አንድ ቀን በእግሩ ቢዞረው የቁጥጥር ቡድን ምን ማለት እንደሆነ በማስረጃ ያያል። ከዚያ በኋላ ብድር የወሰዱ ሴቶች ኑሯቸው ተሻሻለ ከማለቱ በፊት፣ ያልወሰዱትስ ብሎ ይጠይቃል፤ ድሮውንም የተሻለ አቅም የነበራቸው ይሆኑ እንዴ ብድሩን የወሰዱት ብሎም ይጠራጠራል።

የወቅቱን የጸጥታ ሁኔታ የማያውቅ የለም። ዝርዝር ይዞ ቤት ለቤት የሚዞር ሰው ጥርጣሬ ያስነሣል፣ ራሱም አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የሥነ ምግባር ትምህርቱ ከሁሉ ቀዳሚ መሆን አለበት። መጠይቁ ላይ ስም ሳይጻፍ መጠየቅ፣ ለምን እንደሚጠየቅ በግልጽ መናገር፣ ሰውየው አልፈልግም ሲል አመስግኖ መሄድ፣ ወረቀቱን ማንም እንዳያገኘው አድርጎ መያዝ። አሁን ባለው ሁኔታ መሄድ የማይቻልበት ቀበሌ ካለ ደግሞ አልሄድኩም ብሎ መጻፍ ከየትኛውም የተሞላ ሠንጠረዥ ይበልጣል። ሳይሄዱ መጠይቅ የሚሞሉ እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን፤ መምህራኑ 400 ካልሞላ አንቀበልም ሲሉ ተማሪውን ወደዚያ እየገፉት መሆኑን ልብ ሊሉ ይገባል።

ለትምህርት ክፍሎቹ ያለኝ ጥያቄ ግልጽ ነው። የምርምር ዘዴ ኮርሱን ከኮታሪ መጽሐፍ ጋር በደሳለኝ ራህመቶ፣ በሴን የወሎ ምዕራፍና በ2003ቱ የድህነት ጥናት አስተምሩት። ተማሪው ያነጋገራቸው ሰዎች ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን አያነቡምና፣ እያንዳንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ ከመጽደቁ በፊት ሁለት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ ተዘጋጅቶለት ለመርሳ ወይም ለወልድያ ንግድ ጽሕፈት ቤት፣ ለቀበሌው፣ ለቅሬው እንዲደርስ አድርጉ። የሀብሩ ገበሬና የወልድያ ነጋዴ ጊዜያቸውን ሰጥተው መልሰዋል፤ ምን እንደተገኘ ማወቅ መብታቸው ነው።